ለሚሰግድ ዓይን የተበሳ ሌንስ

መጋቢት 7 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

በዋግ አውራጃ አስተዳዳሪነት እነሆ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእነዚህ ዓመታት የጻፍሁት ሁሉ ወደ በላይ አካል የሚሄድ ነበር፤ ወደ ራሴ የሚመጣ አንድ መስመር ስንኳ አልጻፍሁም። ዕድሜ ሲገፋ ሰው ከራሱ ጋር ሊነጋገር ይገባዋልና ይህችን ደብተር ከፈትሁ። የዘንድሮ ደብተር ግን ገጹ ጠባብ ነው፤ ጥቂት መስመር እንደ ጻፉበት ያልቃል። የቀድሞው እንዲህ አልነበረም።

የዛሬው ዐቢይ ጉዳይ የሚከተለው ነው። የነጋዴው የሐጂ ሰላሕ ልጅ ዶክተር አደም በውጭ አገር የዓይን ሕክምና ትምህርቱን አጠናቅቆ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ በትውልድ ከተማው ሊያገለግል መጥቷል። በአንዲት የብረት ሣጥን ሠላሳ ሰው ሠራሽ የዓይን ሌንሶች ይዟል፤ የወዳጅ አገር ስጦታ ናቸው። ሞራ የጋረደውን ዓይን ከፍቶ፣ ሞራውን አውጥቶ፣ በቦታው ሌንስ ያስቀምጣል። ሊያሳየኝ ወደ ቢሮዬ መጣ።

"እጅግ ያምራል፤ ንጹሕ ሥራ ነው" አልሁት።

"ገና ከሣጥኑ አላወጣሁትም፣ ጓድ አስተዳዳሪ።"

ያደነቅሁት የሣጥኑን ንጽሕና መሆኑን አስረዳሁት። በኋላ እንደ ገለጸልኝ፣ ሌንሷ ከጠራ ፕላስቲክ የተሠራች፣ የተዳጠች ሽምብራ የምታህል፣ ከግራና ከቀኝ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት እግሮች ያሏት ናት።

ከጥር ወዲህ በሰቆጣ ጉም በዝቷል። ፀሐይ ከወጣችም በኋላ አይገፈፍም። ለባለቤቴ ለወለተ ሐና ብነግራት "የምን ጉም?" አለችኝ። ቤት የሚውል ሰው የአየር ጠባይ አያስተውልም።

መጋቢት 10

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ታከሙ። አንደኛው ሐጂ ሰላሕ ሲሆኑ፣ ልጃቸው በገዛ እጁ አከማቸው። ሁለተኛው በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ አለቃ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። አለቃ አንድ ዓይናቸውን ፈንጣጣ በልጅነታቸው ወስዶባቸዋል፤ የቀረቻቸውን አንዷን ሞራ ከጋረዳት ቆይቷል። ስለዚህ በዚህች በአንዷ ዓይን ላይ ቀልድ የለም።

ዶክተሩ ትእዛዝ ሰጠ፦ እስከ ፋሲካ ድረስ አንገት ከደረት በታች እንዳይወርድ። ጎንበስ ማለት፣ ከባድ ማንሣት፣ መስገድ ክልክል ነው። ከሰገዱ ሌንሷ ከቦታዋ ትንሸራተታለች።

አለቃ ፋሻ እንደ ታሰረላቸው፣ "ልጄ፣ ጾም ገብቷል እኮ። ከእኔ ምን እንዳስቀረህ ታውቃለህ?" አሉት።

ከጎናቸው የተኙት ሐጂ ሰላሕ ሳቁ። "የእኛ ሃይማኖት ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድን ፈቅዷል፣ አለቃ። የእናንተ ጥብቅ ነው።"

"አንተ ዝም በል፣ ሰላሕ። አንተ ጤነኛም ሆነህ ዕድሜህን ሱቅ ውስጥ ተቀምጠህ ነው የፈጀኸው።"

እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ሲዘላለፉ ኖረዋል። ያለ መዘላለፍ ያሳለፉት ቀን ቢኖር አንዱ ከከተማ የወጣበት ቀን ነው።

መጋቢት 12

ችኮላ። ጠዋት አርባ አንድ የሰውነት እንቅስቃሴ አደረግሁ፤ ለወገብ ይበጃል። ማታ እንደ ልማዴ በደብሩ ቅጥር አካባቢ በእግር ተንሸራሸርሁ፤ ንጹሕ አየር አለ። ከትልቁ ጽድ ሥር ሁልጊዜ ከግራዬ የሚቆም አንድ ባላገር አለ፤ እንደ እኔው በጋቢ ተጀቡኖ። ጨዋ ሰው ነው፤ አያነጋግረኝም፤ አላነጋግረውም።

መጋቢት 14

የርዕዮተ ዓለም ኃላፊው ጓድ ጓንጉል በየአደባባዩ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ለማጽደቅ አቀረበልኝ። ደጋግሜ ተመለከትሁት። በጽሑፉ ረገድ አንድም ጉድለት አላየሁበትም፤ ፈረምሁ።

የቢሮው የጽሕፈት መኪና ጥብጣብ አልቋል መሰለኝ፤ ፊደሉ ሁሉ ደብዛዛ ነው። አዲስ እንዲገዛ አዘዝሁ።

መጋቢት 16

ጉድ ፈላ። ማስታወቂያው "ሳይንስ ስግደትን ከለከለ" የሚል ኖሯል! የዶክተሩ ምክር ለታካሚ ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ጓድ ጓንጉል ለአውራጃው ሕዝብ ሁሉ አደረገው። እኔም ፈርሜበታለሁ። እንዴት አላየሁትም? ሥራ በዛብኝ፣ መብራቱም ደካማ ነበር።

በጤና ጣቢያው ደጅ የነበረው ሰልፍ ተበተነ። በመስኮቴ ሥር ከጋዝጊብላ በእግራቸው የመጡ ሁለት ገበሬዎች መጀመሪያ በአገውኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ዓይን ሰጥተው ጉልበት ሊወስዱ ነው።"

"ዓይኑ ይቅርብኝ። መንገዱን እንደሁ በቅሎዬ ታውቀዋለች።"

ጓድ ጓንጉልን አስጠርቼ በለዘበ ቃል ገሠጽሁት። "እርስዎ አንብበው ፈርመው የለም ወይ፣ ጓድ አስተዳዳሪ?" አለኝ። ስለ መብራቱ ድካም አስረዳሁት። በሆነ ምክንያት ስለ ጉልበቱ ሕመም አነሣና ርእሱን ቀየረ። ወለተ ሐና የዚህ ሰው ካኪ ሱሪ ሁልጊዜ ጉልበቱ ላይ ቀድሞ እንደሚያልቅ ነግራኛለች። የሚሊሽያ ሥልጠና በመዳህ የተሞላ ነው።

መጋቢት 19

አለቃ ሰግደው ተገኙ። ሌንሷ ከቦታዋ ወረደች።

ወደ ጤና ጣቢያው ሄጄ ጠየቅኋቸው። "ልሰግድ አላሰብሁም ነበር" አሉኝ። "ከቤተ መቅደሱ ደጅ ቆሜ ሕዝቡ 'እግዚኦ' ሲል ሰማሁ። ጉልበቴ እኔን ሳያማክር ወረደ። ስድሳ ዓመት ያስለመድሁትን አንድ ሐኪም በአንድ ቀን እንዴት ያስተወዋል?"

ሐጂ ሰላሕም ከዚያው ተመልሰዋል፤ የእሳቸውም ተንሸራትታለች።

"እርስዎ ደግሞ ተቀምጠው አልነበረም የሚሰግዱት?" አልኋቸው።

"ቤቴ ስሆን ተቀምጬ ነው። ዓርብ ግን ከጀማው ጋር ነበርሁ። ሰልፉ ሁሉ ሲወርድ እኔ ብቻ እንደ ምሰሶ ልቅር? ደግሞ ያዘዘኝ ልጄ ነው። ልጅን መታዘዝ በየትኛው አገር ተጽፏል?"

አለቃ ፋሻቸውን እየነካኩ፣ "የእናንተስ ሃይማኖት ፈቅዶ ነበር" አሉ።

ዶክተር አደም ሁለቱንም መልሶ አስተካከለ። ወደ ኮሪደሩ ወስዶ ግን እንዲህ አለኝ፦ "አባቴ ሁለተኛ ዓይን አለው። አለቃ የላቸውም። ስቅለት እየመጣ ነው፤ ያን ቀን ቀኑን ሙሉ መስገዳቸው አይቀርም። ዳግመኛ ከወረደች ዓይኗ ትቆስላለች፤ ያን ጊዜ እኔም ማንም አናድናትም።"

መጋቢት 21

ዶክተሩ አንድ ሐሳብ አምጥቷል። ሰውን ከስግደት መመለስ ካልተቻለ ሌንሷን ለሰጋጅ ማመቻቸት። በሁለቱ እግሮቿ ጫፍ ጫፍ ላይ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይበሳል፤ በቀዳዳው ከፀጉር የቀጠነ ክር አስገብቶ ሌንሷን ከዓይኑ ጋር ይሰፋታል። የተሰፋ ነገር አይንሸራተትም። ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት መታገሥ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰጋጁ እንዳሻው ይሰግዳል።

"ሌንሱን የሠሩት ሰዎች እንዴት ይህን ሳያስቡ ቀሩ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"የእነሱ ታካሚ ከታከመ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፣ ጓድ አስተዳዳሪ።"

በሰው ከመጀመሩ በፊት በፍየል ዓይን መለማመድ አለበት። ጾም ነውና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ ዓይኖቹ ከአባቱ ጎረቤት ከእስላም ሥጋ ቤት ይመጣሉ። ፍየሎቹ የአበርገሌ ናቸው።

መጋቢት 24

በከተማው የሚናፈሰው ወሬ፦ ዶክተሩ የአበርገሌ ፍየል ዓይን ለሰው ሊተክል ነው። ገበያ ላይ አንዲት ሴት፣ "ባሌ እንዲያውም ገደል ለገደል ነው የሚውል፤ የፍየል ዓይን ከጨመሩለት አንድያውን አይመለስልኝም" ስትል ወለተ ሐና ሰምታለች።

መጋቢት 25

ኮሚቴ ተሰበሰበ። አጀንዳው አንድ፦ ሌንስ ይበሳ ወይስ አይበሳ።

ጓድ ጓንጉል በጽኑ ተቃወመ። የወዳጅ አገር ሠራተኛ መደብ አሟልቶ የላከውን ሌንስ በሰቆጣ መብሳት፣ ስጦታው ጉድለት ነበረው ማለት ነው። ጉድለት ነበረው ማለት ደግሞ የማይባል ነገር ነው። የመንግሥት ንብረት ማበላሸትም ይሆናል። በዚያም ላይ ለምን ዓላማ? ለስግደት!

የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ተወካይ በሌንሱ ፋንታ ሕዝቡ ቢሻሻል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ለምሳሌ አንገት ወደ ታች እንዳይወርድ ከአገጭ ሥር የሚታሰር ጣውላ። በሐሳቡ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተወያየን። የጣውላ እጥረት ስላለ ውድቅ ሆነ።

ዶክተር አደም ተነሥቶ፣ "ጓዶች፣ አንድ ሽማግሌ አንዲት ዓይን አላቸው" አለ። ሌላ ምንም ሳይጨምር ተቀመጠ።

ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ እንደ ዞሩ ከዝምታው አወቅሁ። ጉዳዩ ለክፍለ ሀገሩ ይጻፍ፣ ከደሴ መልስ እስኪመጣ ይቆይ ብዬ ወሰንሁ። የተመዛዘነ ውሳኔ ነው። ከደሴ መልስ ከፋሲካ በፊት መጥቶ አያውቅም።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የተመዛዘነ ውሳኔ ነው።

መጋቢት 29

ስብሰባ። ጉም። ወደ ቢሮ ስገባ ለጓድ ጓንጉል ሰላምታ አቀረብሁ፤ አልመለሰልኝም። ቂም ይዟል ብዬ ነበር፤ የተሰቀለ ካፖርት ኖሯል።

ሚያዝያ 1

ለሜይ ዴይ የማደርገውን ንግግር ወለተ ሐና እያነበበችልኝ በቃሌ እይዛለሁ። ልማዴ ነው፤ ድምፅዋ ስለሚያምር ነው የማስነብባት። ዛሬ መሐል ላይ አቁማ፣ "ይህን ንግግር እርስዎ ራስዎ ያነበቡት መቼ ነው?" አለችኝ። የአንባቢ ሥራ ማንበብ እንጂ መጠየቅ አለመሆኑን ነገርኋት። ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች።

ሚያዝያ 4

ይህን በዝርዝር ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ አለቃ ገብረ ሊባኖስ ብቻቸውን ወደ ቢሮዬ መጡ፤ ዓይናቸው ገና በፋሻ ስለ ታሰረች ግድግዳ እየዳሰሱ። በር ተከፈተ፤ ነጭ ነገር ገባ። "እሜቴ፣ አቤቱታ ካለዎት ለጸሐፊዬ ያቅርቡ" አልሁ።

"ወልደ ገብርኤል" አሉኝ፤ ስሜን ያለ ጓድ የሚጠራ ሌላ ሰው የለም፤ "እኔ ነኝ።"

ደንግጬ ተነሣሁ። ወንበር ልስብላቸው ሄድሁ፤ ወንበሩን አጣሁት። እሳቸውም ሊቀመጡ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሁለታችንም በገዛ ቢሮዬ ውስጥ እንደ ጠፋ በግ ጥቂት ዞርን። በመጨረሻ እጄን ያዙኝ፤ እየዳሰሱ ወንበሩን ለእኔ ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው።

"ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ጉሙ።"

ስለ ዘንድሮው የአየር ጠባይ ጥቂት ተጨዋወትን።

ቀጥለው እንዲህ አሉኝ፦ "የመጣሁት ልለምንህ አይደለም። ስቅለት ይመጣል። ዓይኔን አስቤ ቆሜ ብውል ነፍሴ ትከሰኛለች፤ ብሰግድ ዓይኔ ይጠፋል። ወይ ይህ ልጅ ይስፋልኝ፣ ወይ አንተ አትስገድ ብለህ እዘዘኝ። መንግሥት ሆነህ አይደለም፤ ተማሪዬ ሆነህ። ያን ጊዜ ኃጢአቱ ያንተ ይሆናል፤ እኔ በሰላም እቆማለሁ።"

በአምስት ዓመት የአስተዳዳሪነት ዘመኔ ብዙ ትእዛዝ ሰጥቻለሁ። ይህን ግን አፌ አላወጣውም። ከወጡ በኋላ ዶክተር አደምንና ጓድ ጓንጉልን አስጠርቼ ውሳኔዬን ቃል በቃል አስጻፍሁ፦ "ሌንሱ አይሻሻልም። የወዳጅ አገር ሥራ እንከን የለበትምና። ነገር ግን በአካባቢው ፈጠራ ይጠናቀቃል።"

ጓድ ጓንጉል ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን፣ "የተሰፋለት ሰው ስቅለትን ሙሉ ቀን ቢሰግድ በእርግጥ ምንም አይሆንም?" ሲል ዶክተሩን ጠየቀ።

"ምንም አይሆንም። ለምን ጠየቅኸኝ?"

"ለጥናት" አለ። ከዚያም አንድ ቅድመ ሁኔታ አስገባ፦ የሚበሳው ሌንስ ሥራው አድካሚ ስለሆነ ለሚሰግዱ ብቻ ይሰጥ፤ ለማይሰግዱ ተራማጆች ያልተበሳው ይበቃቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ታካሚ ከአልጋው ላይ ሆኖ በኮሚቴው ፀሐፊ ፊት "ይሰግዳሉ?" ተብሎ ይጠየቅ። ፀሐፊው እሱ ራሱ ነው።

ተስማማሁ። በዚያ ሰዓት እኔን የሚመለከት ነገር አልመሰለኝም ነበር።

ሚያዝያ 6

የአለቃ ዓይን ተሰፋች። "ይሰግዳሉ?" ተብለው ሲጠየቁ፣ "ሌላ ምን ሠርቼ አውቃለሁ?" ብለዋል። ሐጂ ሰላሕም ተከተሉ። ሰልፉ ተመልሷል፤ ከአበርገሌ ቆላ ሳይቀር በቃሬዛ ይመጣሉ።

ሚያዝያ 9

ወለተ ሐና ምሳ ካቀረበች በኋላ ከፊቴ ቆመች። "ከእንግዲህ ንግግር አላነብልዎትም። ጉሙንም አብሬዎት አላይም። ልጁ ፋሲካ ሲያልፍ ይሄዳል፤ ወይ ዘንድሮ ይታከማሉ፣ ወይ እኔን አስተዳዳሪ ያድርጉኝና እርስዎ ቤት ይዋሉ።"

በሰላሳ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም። የተቀናበረ ንግግር ነበር።

ሚያዝያ 11

(ይህን ወለተ ሐና እጄን ከመስመሩ ላይ እያስያዘችኝ ነው የምጽፈው። ቀኝ ዓይኔ በፋሻ ነው።)

ከአልጋው ላይ ጋደም አልሁ። ዶክተር አደም ሁለት ሌንሶች አዘጋጅቷል፤ ያልተበሳና የተበሳ። ጓድ ጓንጉል በራስጌዬ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጓድ አስተዳዳሪ፣ ለሥርዓቱ ያህል ነው። ይሰግዳሉ?"

አይ ብል ያልተበሳው ይገባልኛል፤ ስቅለት ደግሞ ቅርብ ነው። አዎ ብል አስተዳዳሪነቴ ያበቃለታል።

"የሰውነት እንቅስቃሴ አደርጋለሁ" አልሁ በመጨረሻ።

"ወደ ታች ጎንበስ የሚያስብል ነው?"

"እስከ መሬት።"

"በቀን ስንት?"

"አርባ አንድ።"

በክፍሉ ውስጥ አርባ አንድ የ"እግዚኦ" ቁጥር መሆኑን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ እስላም የሆነው ዶክተር ሳይቀር። ዶክተሩ በአፍ መሸፈኛው ውስጥ ሳል አሰማ።

ጓድ ጓንጉል ግን ድምፁ ሳይናወጥ፣ "ስፖርተኛ" አለ። "መመሪያው ስለ ስፖርተኛ የሚለው የለም። ዶክተር፣ ስፖርተኛ በየትኛው ሥር ይመደብ?"

"በተበሳው።"

"ይመደብ" አለና ወጣ።

ሚያዝያ 14

ፋሻው ተፈታ።

ወለተ ሐና ፀጉሯ ሸብቷል። ማንም አልነገረኝም። ትክ ብዬ ሳያት፣ "እርስዎስ መስታወት አይተዋል?" አለችኝና ፊቷን ወደ ጓዳ መለሰች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሽንኩርት እንዳልላጠች አየሁ።

ይህችን ደብተር ከመጀመሪያው ተመለከትኋት። ገጹ ጠባብ አይደለም። ፊደሎቼ ባቄላ ባቄላ ያህላሉ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተሳፍሯል። ስለ ጉሙ የጻፍሁትን ልሰርዝ ብዕር አነሣሁና ተውሁት። ማስታወቂያውን ሳላነብ መፈረሜ ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል፤ በዚያ ሰሞን ወደ ጋዝጊብላ የተመለሱት ሁሉ እንደገና መምጣታቸውን አላውቅም።

ሚያዝያ 23

ሜይ ዴይ። ንግግሬን ከወረቀት አነበብሁ። ከመድረኩ ላይ ሆኜ ሰልፈኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። አምና ጥቁር ባሕር መስሎኝ፣ ቁጥር የማይገኝለት ሕዝብ ብዬ ሪፖርት ልኬ ነበር። ለካ አጥሩ ኖሯል።

ሚያዝያ 28፣ ስቅለት

ዶክተሩ ሁለት ሳምንት ያለው ጊዜ አልፏል። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ወደ ደብሩ ሄድሁ፤ እንደ ወትሮው ከትልቁ ጽድ ሥር ቆምሁ። ያ ባላገር እንደ ወትሮው ከግራዬ ነበር። ስንሰግድ አብረን ወረድን፣ አብረን ተነሣን፤ ለዓመታት እንዲህ ነበር የምናደርገው። ቀትር ሲሆን ጋቢው ከጉልበቱ ተገለጠ። ካኪ ሱሪ ነው፤ ጉልበቱ ላይ አልቋል።

ቀና አልሁ። እሱም ቀና አለ።

"ጓድ አስተዳዳሪ" አለ ጓድ ጓንጉል በሹክሹክታ፤ ላብ ከግንባሩ ይንጠፈጠፋል።

"ጓድ ጓንጉል።"

"እርስዎ እዚህ ለጥናት ነው የመጡት?"

"ለጥናት ነው። አንተስ?"

"የሌንሱን ጥንካሬ ልመሰክር። የኮሚቴው ፀሐፊ ነኝና።"

"ከሌንሱ መምጣት በፊት ባሉት ዓመታትስ?"

አሰበ። "ቅድመ ጥናት" አለ።

ወደ ማታ፣ እንደ ሥርዓቱ ካህናት የወይራ ቅጠል ይዘው ሕዝቡን በጀርባው እየጠበጠቡ በየሰዉ ኃጢአት ልክ ተጨማሪ ስግደት ማዘዝ ጀመሩ። ወደ ጽዱ የመጡት አለቃ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሰግደው ውለዋል፤ አንዲቱ ዓይናቸው ግን ከሩቅ ታበራለች። ከፊታችን ቆመው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጓንጉልን፣ እንደገና እኔን ተመለከቱ።

"እናንተን ከዚህ ሥር ለስንት ዘመን አልፌያችሁ ሄጃለሁ" አሉ። "ሁለት የእህል ጆንያ ትመስሉኝ ነበር።"

"አባታችን፣ እኛ ለጥናት ነው" አለ ጓንጉል።

የወይራው ቅጠል በጀርባው ላይ አረፈ። "ለጥናቱ መቶ።" ወደ እኔ ዞሩ፤ እንደ ልጅነቴ አገጬን ይዘው ዓይኔን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረጉት፤ ስፌቱን የሚያዩ ይመስል ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጠበጠቡኝ።

"ላንተ ሁለት መቶ። መቶው ለኮሚቴው፣ መቶው ለጉሙ።"

ሁሉንም ሰገድሁ። ሌንሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።